ደብዳቤ ለልጄ፦ ክሩን እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ

ሰበታ፣ ነሐሴ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ከብዷል። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። እናትሽ ፍልሰታን ይዛለች፤ አስቀድሳ እስክትመለስ ቤቱ ጭር ይላል። በስልክ ሳወራሽ «አባዬ ደግሞ ጀመርክ» እያልሽ ስለምትቆርጪኝ ነው የምጽፍልሽ። ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ወንድምሽ እዚያ ኬንያ ባሕር ዳር፣ ማሊንዲ የተነሳሽውን ፎቶ አሳየኝ። እሱ የሚያሳየኝ ዓሣውን ነበር። «ቱናውን እይ፣ ሠላሳ ኪሎ አይሞላም?» ይለኛል። እኔ ያየሁት እጅሽን ነው። ስልኩን ተቀብዬ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። የማጥመጃው ናይለን ክር መዳፍሽ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ጓንት አላደረግሽም። ላይፍ ጃኬትም የለሽም። ጉልበትሽ የጀልባው ጠርዝ ላይ ነው። ዓሣው ደግሞ ገና ውሃ ውስጥ ነው፤ አልሞተም።

ክር እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ።

ሆቴሉ የቀጠረሽ ዓሣ ማጥመድ ለሚፈልግ እንግዳ ጀልባ ልታስይዢ፣ ስልክ ልትመልሺ ነው። ባሕሩን ወደድሽውና መውጣት ጀመርሽ። አልፈርድብሽም። ስለ ዓሣ ስታወሪ ድምፅሽ ይለወጣል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ያስተማርሽኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ ሲበረታ፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ አብዛኞቹ ጀልባዎች ይቆማሉ። ነሐሴ ላይ ሥራ ሲከፈት ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና ይመጣል። ኅዳር ግድም ሴይልፊሹ፣ ያ ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የተዘረጋ ክንፍ ያለው ዓሣ፣ ይበዛል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ካስካዚ ይነፍስና አፉ እንደ ጦር የሾለው የትልቁ ዓሣ የማርሊን ጊዜ ይሆናል። የሳባኪ ወንዝ ዝናብ ሲጥል ባሕሩን ቡናማ እንደሚያደርገው፣ ጀልባዎቹም ቡናማውና ሰማያዊው የሚገናኙበትን መስመር ይዘው እንደሚሄዱ ነግረሽኛል። ትንንሹ ዓሣ እዚያ ይሰበሰባል፣ ትልቁም ይከተለዋል። ይህን ስሰማ አዋሽ ትዝ አለኝ። እኛ ስንቴ የተሻገርነው አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። የናንተው ግን ከናይሮቢ አካባቢ ተነስቶ ባሕር ይገባል።

ወቅቱ ተከፈተ ማለት ግን ንፋሱ አለቀ ማለት አይደለም። ነሐሴ ላይ ኩሲው ገና አለ። ጀልባ ሲናጥ ሰው የሚይዘው ያጣል። እጅሽ በክር ከታሰረ ደግሞ በምን ትይዢያለሽ?

ስለ አሰብ ብዙ ጊዜ አውርቼሻለሁ። ይህን ግን አልነገርኩሽም።

በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ሳሎን ፎቶው ያለውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እነዳ ነበር። የእርዳታ ስንዴ በመርከብ ይገባል፣ ወደቡ ይጨናነቃል፣ እኛ ተራ እንጠብቃለን። ቀኑን የምንውለው መኪናው ሥር ነው። ረዳቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሳቂታ፣ ሥራ የማይመርጥ። ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ ሲወጥር ገመዱን እንዴት እንደሚያስረው ብታዪ! እሱ ያሰረው ሸራ አዲስ አበባ እስኪደርስ አይላላም።

ዓሣ የሚሸጥልን አንድ የአፋር ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በሁሪው ይዞን ወጣ። ሁሪ ቀጭን የእንጨት ጀልባ ናት። እንደናንተ ዘንግ የለ፣ ማጠንጠኛ የለ። ናይለን፣ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ቁራጭ ዓሣ፣ በቃ። ልጁ ቶሎ ቶሎ ትንንሽ ዓሣ ያዘና ደስታው ልክ አጣ። እጁ ግን በላብ ረጥቦ ክሩ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ጠመጠመው። ሰውየው አይቶ በአፋርኛ ጮኸ፣ በዓረብኛም ጮኸ፣ እጁን አራገበ። ሁለታችንም አልገባንም። ልጁ እንዲያውም «በርታ» የሚለው መስሎት ሳቀለት።

ከዚያ አንድ ነገር ከታች ያዘ። ልጁ አልጮኸም፤ መጮኺያ ጊዜ አላገኘም። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረ ሰው ጀልባው ውስጥ የለም። ሰውየው ቢላዋውን ይዞ ተከትሎት ዘለለ። እኔ ዋና አልችል፣ የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ ውሃውን አያለሁ። ስንት ጊዜ እንደቆዩ ልነግርሽ አልችልም። ሰውየው ክሩን ቆርጦ ልጁን በአንገቱ ይዞ ወጣ። ልጁ ተርፏል። ናይለኑ ግን እስከ አጥንቱ በልቶታል። ሰፉለት፣ ቁስሉም ዳነ። ሁለቱ ጣቶቹ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፉም።

ረዳት ማለት እጁ ነው፣ ልጄ። ገመድ የሚያስረው፣ ጎማ የሚፈታው በእጁ ነው። ኮምቦልቻ እናቱ ቤት አደረስኩት። እናቱ እጁን ይዛ አገላብጣ አየችው። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችኝም። «በል ግባ፣ እህል ቅመስ» አለችኝ። እንጀራው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። የያዘው ምን ዓሣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እንግዲህ ያ በአንድ ናይለን ነው። አንቺ የምታወሪው ማርሊን ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ነው። ጀልባው ጋ ከደረሰ በኋላ እንደገና ተወርውሮ ይሄዳል። የመጨረሻውን ወፍራም ክር በእጅ የሚይዙት ሰዎች ወፍራም ጓንት አድርገው ነው፤ እጃቸውን መቼ እንደሚለቁም ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ በዚህ ሥራ የኖሩ ሰዎች በክር ተጎትተው ባሕር ገብተው ሞተዋል። አንቺ ያንን ሥራ አልተማርሽም። ካፒቴኑ «ያዢ» ቢልሽ «አልችልም» በዪ። እንግዳው ፎቶ ሊያነሳሽ ቢፈልግ ዘንጉን ያዢ እንጂ ክሩን አትንኪ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ማርሊኑንና ሴይልፊሹን ምልክት ሰክታችሁ እንደምትለቁት ስትነግሪኝ በጣም ኮራሁብሽ። መጀመሪያ ያን ያህል ተደክሞበት እንዴት ይለቀቃል ብዬ ነበር። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው መንጠቆ አንጀቱን ሳይነካ የአፉን ጠርዝ ብቻ እንደሚይዘው ስታስረጂኝ ገባኝ። ምልክቱ ያለበት ዓሣ ሌላ አገር ባሕር ሲያዝ የት እንደሄደ ይታወቃል። እዚያው ማሊንዲ አጠገብ ዋታሙ ውስጥ፣ በፈረንጅ ከ1990 ጀምሮ ይህን የሚሠራ ድርጅት አለ ብለሽኛል። ጎብኚውን ስታስተናግጂ ይህን አስረጂው። ይህ ያንቺ ሥራ ነው፤ ያምርብሻልም።

ሌሊት ለሰይፍ ዓሣ ከሚወጡት ጋር ግን አትሂጂ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። በጨለማ ሰው ቢወድቅ ማን ያየዋል? ሰበታ ያደገ ልጅ ዋና አይችልም፤ እዚህ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ኩሬ ነው። ከሚቀጥለው ደመወዝሽ ላይ መጀመሪያ የዋና ትምህርት ክፈዪ። ጥቅምት ሳይገባ ጀምሪ።

ቱናም ስትበዪ ተጠንቀቂ። ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ ሥጋው መርዝ ያበጃል። ብትጠብሺውም ብትቀቅዪውም አይጠፋም። ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ የሆቴሉ አለቃ ቢሰጥሽም አትብዪ። በልተሽ ፊትሽ ከቀላ፣ ራስሽን ካመመሽና ልብሽ ከመታ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የኔ ዓይን፣ ተቆጣሁሽ አይደል? ስለምትናፍቂኝ ነው። እናትሽ ፎቶውን አላየችም፤ ወንድምሽንም እንዳታሳያት ብዬዋለሁ። አንቺም አትንገሪያት።

ክር እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ። እጅሽ ላብ ቢሆን፣ ክሩ ቢያመልጥሽ፣ ዓሣው ቢሄድ፣ ይሂድ።

ወፍራም የቆዳ ጓንት እዚያ ከጠፋ ንገሪኝ፤ ከመርካቶ ገዝቼ እልካለሁ። የእጅሽን ልክ ወረቀት ላይ አስምረሽ ላኪልኝ። በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል፤ በሞያሌ በኩል የሚሄድ ሰው አግኝተናል። ናይሮቢ ላይ የሚቀበልሽ ማን እንደሆነ ስልኩን እስከ ዓርብ ላኪ። የፓስፖርትሽን ጊዜም እዪው፤ ከስድስት ወር በታች ከቀረው አሁኑኑ ማሳደስ ጀምሪ።

አባትሽ