ጨውማ አለን፤ ከሰሉ ነው ያልተሟሸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

በሊቲየም ፈንታ ከጨው በሚገኘው ሶዲየም ስለሚሠራው ባትሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። «የአፋር ጨው አለን፣ የቡና ገለፈት አለን፣ ምን ቀረን?» ይላል። የቀረንማ ብዙ ነው።

ኬሚስት ነኝ። ለማስተርስ ጥናቴ ሁለት ዓመት የቡና ገለፈት ሳከስል ኖሬያለሁ። በአሲድ አጥቤ ፖታሲየሙን አስወጣለሁ፤ ከዚያ በአርገን ጋዝ ውስጥ እስከ 1300 ዲግሪ አሞቀዋለሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። የሚወጣው ከሰል ሀርድ ካርቦን ይባላል፤ ባትሪው ሲሞላ ሶዲየሙ የሚገባበት ኔጋቲቭ ጫፍ የሚሠራው ከእሱ ነው። በሊቲየም ባትሪ ይህን ሥራ የሚሠራው ግራፋይት፣ ማለትም የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ካርቦን፣ ሶዲየምን እምብዛም አያስገባም፤ ይኼኛው ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ስቲቨንስና ዳን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ከግሉኮስ ባከሰሉት ካርቦን በግራም 300 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም አግኝተዋል።

የመጀመሪያዋን ባትሪዬን ሞላሁ። የእጅ ሰዓት ባትሪ ታክላለች። መልሼ ሳወጣው ካስገባሁት ኤሌክትሪክ ሲሶው የለም! ማሽኑ ነው ብዬ ሦስት ቀን ሽቦ ስነካካ ዋልኩ። ማሽኑ ደህና ነበር። ለካ ባትሪዋ ውስጥ ሶዲየሙን የሚያመላልሰው ፈሳሽ ካርቦኑ ላይ እየፈረሰ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑስ ያስፈልጋል። ግን ገጹ ቀዳዳ በቀዳዳ ሲሆን ፈሳሹ በየጉድጓዱ ይሰርጋል፣ ሽፋኑ ይበዛል፣ ሶዲየሙም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ለገበያ በሚሠራ ባትሪ ደግሞ ሶዲየሙ የሚመጣው ከፖዘቲቭ ጫፉ ብቻ ነው። የታሰረው ምትክ የለውም።

መላው የተገኘው እናቴ ጓዳ ነበር። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ጎመን ዘር ተወቅጦ ይታሽበታል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሊጡ መጣበቁን ይተዋል። እኔም ካርቦኑን በጥቂት ቅጥራን ለውሼ እንደገና አከሰልኩት። የላይኛው ቀዳዳ አፉ ተዘጋ። ውስጥ ያለው፣ ሶዲየሙ የሚያድርበት ባዶ ቦታ እንዳለ ቀረ። ኪሳራው በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስግብግብ ብዬ ቅጥራኑን ሳበዛው ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ሶዲየሙ ማለፍ አቃተውና ባትሪዋ ቶሎ አልሞላም አለች።

ጨው የትም ርካሽ ነው። ልፋቱ ያለው የከሰሉ ቆዳ ላይ ነው። እናም አንድ ልመና አለኝ፦ «ከቡና ገለፈት ባትሪ ሠራሁ» የሚል ሰው ስታነጋግሩ «በመጀመሪያው ሙሌት ስንት ጠፋብህ?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኔን ብትጠይቁኝም አልቀየምም።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ