ለሰኔ 13ቱ ቴአትራችን ለደረሳችሁልን ሁሉ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። አዳራሹን በመጨረሻው ሰዓት ስንከለከል የሆነውን ሐዋሳ ሁሉ ሰምቷል፤ አልደግመውም። ቴአትሩ ግን ታየ። በዓለም የስደተኞች ቀን ማታ ከሱዳን፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ልጆች ከኛ ልጆች ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ተመስገን ነው።

ከሁሉ በፊት እትዬ። የክበባችን የአልባሳት ኃላፊ። "ስሜን ከጠራችሁ እቀየማችኋለሁ" ስላሉ አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ የሚውል ሰው ግን ያውቃቸዋል።

ስደተኛ ወደ ቴአትር ሲጠራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው ታሪኩን ነው። እንዴት ወጣህ? ማን ቀረብህ? እትዬ ግን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው የትከሻ ስፋት ለኩ። ከዚያ "ቁርስ በልታችኋል?" አሉ። በቃ። የተቀረውን ልጆቹ ሲፈልጉ ራሳቸው አወሩ፤ ያልፈለገም አላወራም።

መስታወቱ ላይ የየተዋናዩን ስም በፕላስተር ጽፈው ይለጥፋሉ። አንዷ ልጅ ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ቤተሰቧ አሁንም እዚያው ነው፤ ስሟና ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ ቢወጣ መዘዝ አለው። ምክንያቷን ነግራ ሳትጨርስ እትዬ ፕላስተሩን ላጥ አድርገው "ቢጫ ሻሽ" ብለው በሌላ ተኩት። ፖስተሩም ላይ ቢጫ ሻሽ ተብላ ወጣች። ካሜራ ይዞ ወደ መድረክ ጀርባ የመጣውንም ሁሉ በር ላይ አስቀርተውልናል። (ጋዜጠኞች፣ አትቀየሙን።)

ደግሞ ያቺ እናት። ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከካርቱም የወጣች ናት። ልጇን ልምምድ ታመጣና በር ላይ ትቀመጥ ነበር። እሷ አማርኛ አትችል፣ እትዬ ዐረብኛ አይችሉ። አንድ ቀን የተተረተረ እጅጌ አንስታ ስታገላብጥ አዩዋትና ሲንጀሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ለካ ልብስ ሰፊ ኖራለች! የሠርጉ ትዕይንት ላይ ያያችኋቸው ቀሚሶች በሙሉ የእሷ እጅ ናቸው። እትዬ ታዲያ "ለልብስ ሰፊ የምትከፍሉትን ለእሷም ክፈሉ" ብለው ኮሚቴውን አስጨነቁት። "በጎ ፈቃደኛ አይደለችም እንዴ?" ላለው ሰው የመለሱትን እዚህ መጻፍ አይቻልም። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስለመሥራት መብት እንደሚያወራ ሲሰሙ ደግሞ፣ ወረቀቷ እንዲስተካከል ቢሮ ድረስ አብረዋት ሄዱ። ወገባቸውን እያመማቸው። ይሄን ስጽፍ እንባዬ መጣ።

ልቀጥል። ከክበባችን ልጆች አንዱ ስለ ሊድስ ቴአትር ቤት ነግሮን ነበር። እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለስደተኞች በሩን በመክፈቱ በዚያ አገር የመጀመሪያውን እውቅና ያገኘ ቴአትር ቤት ነው። አስማሪና ቮይስስ የሚባል የስደተኛና የጥገኝነት ጠያቂ ሴቶች የዘፈን ቡድንም አለው። ለአንድ ቀን በዓል የተሰበሰበ ቡድን አይደለም። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው፤ የኛ ነገር ሰኔ 13 ላይ እንዳይቀር። የአዳራሽ ኃላፊዎች፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። መታወቂያ የማይጠየቅበት ጥቂት ነፃ ወንበር፣ የማታ ባጃጅ ሒሳብ፣ እናት ስትለማመድ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው። ደግሞ ለሠራ ሰው የሠራበትን።

የአቶቴና የዳቶ እናቶች፣ ስለ ምግቡ እጃችሁ ይባረክ። ባጃጆች፣ ማታ ልጆቹን በየቤታቸው ስላደረሳችሁ ኑሩልን። በዐረብኛና በትግርኛ አጭር መግለጫ ጽፋችሁ በር ላይ ያደላችሁ ተማሪዎች፣ ቆማችሁ ያያችሁ ተመልካቾች፣ መብራትና ድምፅ የሠራችሁ፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ብዙ ናችሁ፤ በተለይ ወንበር ያበደራችሁን የሰፈር እድሮች። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ልብ አላጣሁም፣ ቦታ ነው ያጣሁት።

በመጨረሻ፦ ሁለት ብረት ድስትና አንድ ሰማያዊ ትሪ ባለቤት አጥተው አልባሳት ክፍል ተቀምጠዋል። እስከ አርብ መጥታችሁ ውሰዱ። እትዬ ቦታ ጠበበኝ እያሉ ነው።