ሽንኩርቱ እንዳይሸሽ፦ ለወጥ ቤት ዕቃ ውሰት የድጋፍ ጥሪ

እናቴን ስትሮክ ከመታት በኋላ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። እግሯ ተመለሰ፣ አንደበቷም ተመለሰ። እጇ ግን እምቢ አለ።

አንድ ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ አየኋትና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽንኩርት ልትከትፍ ነው። ቢላዋውን በግራ እጇ ይዛለች፤ ሽንኩርቱን የሚይዝላት እጅ ግን የለም። ቢላዋው ገና ሲነካው ተንከባለለ። በክርኗ ልትይዘው ስትሞክር መክተፊያው ራሱ ተንሸራተተ። በመጨረሻ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ምንም አላለችም። ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ለወራት ወጥ ቤት አልገባችም። እኛም «አንቺ አረፍ በይ፣ እኛ እንሠራለን» አልናት። የረዳናት መስሎን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት፣ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ሳህን የምትጠብቅ ሆነች። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ያመኛል።

ወደ ወጥ ቤት የመለሳት አንድ መክተፊያ ነው። ከጣውላው ላይ ሁለት የማይዝጉ ምስማሮች ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ወጥተዋል። አንዱ ማዕዘን ላይ በሁለት በኩል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ሽንኩርቱ ምስማሩ ላይ ይሰካል፤ የትም አይሸሽም። ዳቦ ሲቀባ ደግሞ ጠርዙ ደግፎ ይይዘዋል። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ሥራ ሲያልቅ ማንም እንዳይወጋ ምስማሮቹ ላይ ቡሽ ይሰካል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጎበዝ አናጺ ብዙም ሳይደክም የሚሠራው ነገር ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገረን ሰው አልነበረም።

የውሰቱ ሐሳብ የመጣውም ከእሷ ነው። አንድ እጃቸው የማይሠራላቸው ጎረቤታችን መክተፊያዋን አይተው ለሳምንት ተዋሷት። እሷ ያን ሳምንት ምንም ሳትከትፍ ከረመች። «ሌላ ቢኖር ኖሮ» አለችኝ። ይህ ጥሪ ያ ሌላው እንዲኖር ነው።

አሁን ጥቂት ሰዎች ተሰባስበናል። አናጺ አለን። በዊልቸር የሚንቀሳቀሱና ማየት የተሳናቸው አባላት አሉን። ከሕመም በኋላ የዕለት ሥራን መልሳ የምታለማምድ ባለሙያም አለች። ዓላማችን የተስማሚ ወጥ ቤት ዕቃዎች ውሰት መክፈት ነው። ሰው ዕቃውን በነፃ ወስዶ ቤቱ ይሞክረዋል፤ ከተስማማው ያቆየዋል፣ ካልተስማማው መልሶ ሌላ ይወስዳል።

ለምን ውሰት? ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው ስለማይሆን ነው። መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ወፍራምና ለስላሳ እጀታ ይፈልጋል፤ ቀጭን እጀታ ጣቱን ያሰቃየዋል። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቢላዋ ይቀለዋል፤ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ በመጫን ብቻ ይከትፋል። ማየት ለተሳነው ሰው ስኒ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ውኃው ሊሞላ ሲል የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ አለ። የምድጃው ማዞሪያ ላይ የሚለጠፍ ጎበጥ ያለ ነጥብም እሳቱ ምን ያህል ላይ እንደተደረገ በጣት ይነግረዋል። ክንዱ ለደከመ ሰው ደግሞ ድስት ውስጥ የሚገባ የሽቦ ቅርጫት አለ። የተቀቀለውን በቅርጫቱ ያወጣል፤ የፈላ ውኃ የሞላ ድስት አያነሳም። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው ያን ድስት ሲያነሳ ነውና።

የጠረጴዛው ነገር ከበድ ይላል። የተለመደው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ቁመት 90 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተለካ ነው። የአሜሪካ የተደራሽነት ደንብ በዊልቸር ለሚሠራ ሰው ከ86 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ይላል፤ ከሥሩም ጉልበት የሚገባበት ክፍት ቦታ ይጠይቃል። ቤት አፍርሰን መሥራት አንችልም። ከፍና ዝቅ የሚል፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ ግን መሥራት እንችላለን።

«ይህ ለጥቂት ሰዎች ነው» የሚል ካለ አንድ ነገር ላንሳ። በ1990 ሳም ፋርበር የተባለ አሜሪካዊ ኦክሶ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርት መነሻው የባለቤቱ የቤትሲ እጅ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረባት የአትክልት መላጫ መያዝ ይከብዳት ነበር። ለእሷ የታሰበው ወፍራም የጎማ እጀታ ዛሬ ምንም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ወጥ ቤት ሁሉ ይገኛል።

የምንጠይቃችሁ እንዲህ ነው። ገንዘብ የምትሰጡን ከሆነ፣ በእጅ ልንሠራቸው የማንችላቸውን እንገዛበታለን፦ የሚናገር ሚዛን፣ የውኃ መጠን የሚያሳውቀውን መሣሪያ፣ የግማሽ ጨረቃ ቢላዋ። ቀሪው ለጣውላና ለምስማር ይሆናል። ምን ቀድሞ ይገዛ የሚለውን የሚወስኑት ዕቃውን የሚጠቀሙት አባላት ናቸው። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ለሰጪዎች ሁሉ እናሳውቃለን።

ቤታችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ዕቃ ካለ እሱንም ስጡን። ጎማ ያለው ጋሪ፣ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ በርጩማ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ቀላል ድስት በጣም ይጠቅመናል። እጀታው የላላ መጥበሻ ግን እባካችሁ አታምጡ፤ ጠግነነውም ቢሆን ለሰው መስጠት አንደፍርም።

ብረት የምትበይዱ፣ እንጨት የምትሠሩ፣ መኪና ያላችሁ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስጡን። ጠረጴዛ ማድረስ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

ከችግሩ ጋር የምትኖሩ ደግሞ ዘዴያችሁን አትንፈጉን። ክዳን በጉልበታችሁ መሀል ይዛችሁ ትከፍታላችሁ? መሳቢያ ውስጥ አጣብቃችሁ? ንገሩን፤ ለሌላው እናሳያለን። ዕቃ የምትፈልጉም ስማችሁን አሁኑኑ አስመዝግቡ፤ ማስረጃ አንጠይቅም።

ለመስጠትም ለመዋስም ከመካከላችን የምታውቁትን ሰው አነጋግሩ። አናጺያችን ለመጀመሪያዎቹ 10 መክተፊያዎች ጣውላውን ቆርጦ ጨርሷል። የማይዝገው ምስማር ገና አልተገዛም።