ጓያ የሚጎዳው የትኛውን ነርቭ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ መረሬው ላይ ጓያ ይዘራል። ዝናብ ቢያጥርም፣ መሬቱ ውኃ ቢቋጥርም ጓያ አይከዳም፤ ሌላው እህል ሲጠፋ ገበሬውን የሚያወጣው እሱ ነው። ሰው ጓያን ብቻ ሲመገብ የሚመጣው የእግር ሽባነትም በአካባቢያችን የታወቀ ነው፤ በ1969 ዓ.ም. ገደማ በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ሆኖም ዛሬም «እንፋሎቱ መትቶት ነው»፣ «ገለባው ላይ ተኝቶ ነው» ሲባል ይሰማል። ሕመሙን የአጥንት አድርጎ የሚያሸው፣ ወጌሻ ጋ የሚወስደውም ብዙ ነው። ጋዜጣችሁ በጤና ገጹ ይህን እንዲያቃና እጠይቃለሁ። ጉዳቱ የት እንዳለ ካልታወቀ መከላከያውም አይገባም።

እግራችን የሚታዘዘው በሁለት የነርቭ ሴሎች ቅብብል ነው። የመጀመሪያው ሴል የአንጎል ቅርፊት ላይ፣ ከአናታችን መሀል አጠገብ ይገኛል። ከእሱ የሚነሳው ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል፤ አንጎል ከህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ከሚወርደው የነርቭ ገመድ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ አብዛኛው ክር ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል። የግራው አንጎል ቀኝ እግርን የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ክሩ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ከታች ላለው ሁለተኛ ሴል መልእክቱን ያስረክባል፤ ሁለተኛው ሴል ደግሞ የራሱን ክር ከአከርካሪው አውጥቶ እስከ ጡንቻው ይዘልቃል።  ስሜት ወደ አንጎል የሚወጣው በሌላ መስመር ነው።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ነርቮች እርስ በርስ የሚቀሰቃቀሱበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚመስል በግሉታሜት መቀበያ ላይ ይቀመጣል። ሴሉ ያለ እረፍት ይቀሰቀሳል፣ ካልሲየም ከመጠን በላይ ይገባበታል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ይበልጥ የሚጎዳው የመጀመሪያው ሴል፣ ያውም ረጅሙን ክር ወደ እግር የሚልከው ነው። እጅ በአብዛኛው ይተርፋል፤ አእምሮና ስሜት አይነኩም። ሁለተኛው ሴል ደህና ስለሆነ ጡንቻው አይሟሽሽም፤ ከላይ የሚገታው ስላጣ ግን ይገተራል። ታማሚው ተረከዙ መሬት አይነካም፣ በጣቶቹ ይረግጣል፣ ጉልበቶቹ ይጠላለፋሉ። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ድንገት ገፋ አድርገው ቢይዙት ቁርጭምጭሚቱ በራሱ ይርገበገባል። በፖሊዮ የሚሞተው ሁለተኛው ሴል በመሆኑ እግሩ ልል ሆኖ ይቀጥናል።

እንግዲህ ጓያ የሚጎዳው ሲበላ ነው። «ጓያን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉ» ማለት ለደምቢያ ገበሬ ምክር አይሆንም። አደጋው የሚመጣው ከዕለት ምግቡ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው፤ ከባድ ሥራ የሚሠሩ ወጣት ወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ። ስለዚህ ሦስት እጅ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ማሽላ ላይ ከአንድ እጅ ያልበለጠ ጓያ መቀላቀል ነው። በእነዚህ እህሎች ውስጥ ያሉት ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ለነርቭ ሴሉ መከታ ይሆናሉ። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ማታ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ጠዋት ውኃውን መድፋት፣ አጥቦ በአዲስ ውኃ መቀቀል፣ የተቀቀለበትንም መድፋት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ውኃና ማገዶ ሲያጥር ጓያው በጥቂት ውኃ ተቀቅሎ እስኪመጥ ይተዋል፣ መርዙም እዚያው ይቀራል። መቁላት የተወሰነውን ብቻ ይቀንሳል። በአገራችን የተደረገ ጥናት እሸቱንና ንፍሮውን ይበልጥ አደገኛ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ልጆች ማሳ ውስጥ የሚቀጥፉት ደግሞ እሸቱን ነው።

የሞተ የነርቭ ሴል አይተካም። ጓያውን ወዲያው ማቆም ግን ሕመሙ እንዳይብስ ያደርጋል፤ በየዕለቱ ባትንና ቋንጃን ማሳሳብ፣ ሐኪም ሲያዝ ደግሞ እንደ ባክሎፌን ያለ መድኃኒት ግትርነቱን ያላላል። እግር የከዳውን ሁሉ ግን «ጓያ ነው» ብሎ ቤት ማስቀመጥ እጅግ ያሳስበኛል። ጀርባው የሚያመው ወይም የጎበጠ፣ ከወገቡ በታች የደነዘዘ፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰውና የሚያልበው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖረው ይችላል። ይህ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ ከቆየ ግን እግሩ ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

የጓያው እሸት ከመድረሱ በፊት ይህን ብታወጡት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና መምህር፣ ከጎንደር