ስለ ናሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላወጣችሁት ጽሑፍ

ለአዘጋጁ፦

«ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ምን ትምህርት ነው?» የሚለው ፌዛችሁ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 በቦልደር፣ ኮሎራዶ የተመሠረተው ናሮፓ ተመስጦን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አጣምሮ ነው የሚያስተምረው። በሥነ ልቦና ምክር የሚሠለጥን ሰው የሌላውን ጭንቀት ሲሰማ መጀመሪያ የራሱን ድንጋጤ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ምክር ያዥጎደጉድበታል። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥን ለምናውቅ ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ደግሞ ቁጭ ብለው አይቀሩም፤ ለተግባር ልምምድ ወጥተው ከእውነተኛ ችግረኛ ጋር ይሠራሉ። ክፍያውን ግን ጭራሽ ዘላችሁታል። በሚቀጥለው እትም ሁለት ሦስት ተመራቂዎች አነጋግሩ፦ ምን ሥራ ያዙ? የትምህርት ብድራቸውንስ በምን እየከፈሉ ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ