ሥዕሉን ያወረደው ይፈርም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ አንድ አንባቢ፣ ሕዝብ የማይገባው ዘመናዊ ሥዕል በሕዝብ አዳራሽ ከመሰቀሉ በፊት «የሚመለከተው አካል» ሊያየው ይገባል ሲሉ ጽፈዋል። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ሥዕል ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን አሳብ ከብዙ ደግ ሰዎች ሰምቻለሁ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ናዚዎች ከጀርመን ሙዚየሞች የነጠቋቸውን ከ600 በላይ ዘመናዊ ሥራዎች «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ሙኒክ ላይ ለሕዝብ አሳዩ፤ ያሳዩት ሊያዋርዱ ነው። ሥዕሎቹ በጠባብ ክፍሎች ታጭቀው፣ አንዳንዶቹ ተንጋደው ተሰቀሉ። ግድግዳው ላይ ስድብ ተጻፈ። ሙዚየሞቹ የገዙበት ዋጋም ተለጠፈና ገንዘቡ ከሠርቶ አደሩ ግብር የወጣ ነው ተባለ። አንዳንዱ ዋጋ የጀርመን ማርክ ከወረቀት በረከሰበት በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈለ በመሆኑ ቁጥሩ ሰማይ የነካ ነበር፤ ይህን ለተመልካቹ የነገረው ግን የለም። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው አየና ተቆጣ። ሠዓሊው ኤሚል ኖልደ ራሱ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። እሱንም አላዳነውም፤ ከ1,000 በላይ ሥራዎቹ ከየሙዚየሙ ተወሰዱ።

ዮሴፍ ሃውብሪኽ የተባለ የኮሎኝ ጠበቃ ግን የእነዚያን የተወገዙ ሠዓሊዎች ሥራ ሰብስቦ አቆየ። በ1946 ለከተማው ሕዝብ አስረከበው። ከ11 ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ ሥዕል ሊማር የገባው የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ስድስት ኪሎ በስሙ ወደሚጠራው ሙዚየም ስገባ ይህ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። እሱም በደርግ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከጓደኞቿ ጋር ዐውደ ርእይ አዘጋጅታ ነበር። ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ኃላፊ መጡና ከአንዱ ሥዕሏ ፊት ቆሙ። «ይህ ቀይ ምንድን ነው?» አሏት። «ቀይ ነው» አለቻቸው። ማሾፏ አልነበረም፤ በእርግጥም ቀይ ነበር፣ ከግራ ጥግ ተነሥቶ እየሳሳ የሚወርድ ቀይ። በማግስቱ ሥዕሉ የለም። ምስማሩና የርእሱ ወረቀት ብቻ ቀርተዋል፤ ጎብኚዎች ወረቀቱን አንብበው ባዶውን ግድግዳ ያዩ ነበር። ማን እንዳዘዘ ስንጠይቅ «ከላይ ነው» ተባልን። አንዲት የተጻፈች ቃል አልነበረችም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 አሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን መብት በስም ጠርቶ ይጠብቃል፤ ሳንሱርንም በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሥዕል ይውረድ የሚል ባለሥልጣን ትእዛዙን በጽሑፍ ያድርግ፤ የትኛውን ሕግ እንደጠቀሰ ይግለጽ፤ ስሙን ጽፎ ይፈርም። ሠዓሊዋም ወረቀቱን ይዛ ፍርድ ቤት ትሂድ። በስልክና በቃል የወረደን ሥዕል ይግባኝ የሚሉበት ደጅ የለም።

ያ ሥዕል ዛሬም በአቡጀዴ ተጠቅልሎ ከተማሪዬ ቁም ሣጥን ጀርባ ቆሟል። ያለፈው ሳምንት ጸሐፊ ሊያዩት ከፈቀዱ አስፈቅጄ እወስዳቸዋለሁ። ካዩት በኋላ ቢጠሉት መብታቸው ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሥዕል መምህር
አዲስ አበባ