የተፈጥሮ ክበብ፦ ከጣና ዳር ወደ አፋር በረሃ

የተፈጥሮ ክበባችን አባላት ዘንድሮ እንዲያጠኑት የመረጡት የአፋርን በረሃ ነው። ምርጫው በጣም አስደስቶኛል፤ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ በረሃ ሲባል ባዶ መሬት ይመስለዋልና።

ሥራው በመልክዓ ምድር ተጀመረ። ልጆቹ በጭቃና በካርቶን የአገሪቱን ቅርጽ ሲያበጁ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጣና ተነሥተው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ እስከሚወርደው ዳሎል ደረሱ። የዚያ አካባቢ ጨው ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶ፣ መንገዱ ከተዘጋበት በኋላ ውኃው ተንኖ የቀረ ነው። ዓባይ ሜዲትራኒያን ሲደርስ አዋሽ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከሁሉ ያስገረማቸው ግን ጣና ራሱ ከ16 ሺህ ዓመታት በፊት ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል መመስከሩ ነው።

ስለ ግመል ብዙ አልቆየንም፤ ሻኛው የሚያከማቸው ውኃ ሳይሆን ስብ መሆኑን ለይተን አለፍን። ያልጠገብነው የዱር አህያን ነው። የቤት አህያ የዘር ግንድ የሆነው ይህ እንስሳ ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል፤ የቀሩት ጥቂቶች በኢትዮጵያና በኤርትራ ደረቅ ምድር ይኖራሉ። እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቋቁር ሰንበር አለው። ልጆቹም ቅዳሜ ገበያ ወጥተው እህል ጭነው የሚመጡትን አህዮች እግር መመዝገብ ያዙ። በአንዳንዶቹ ላይ ደብዘዝ ያለ ሰንበር፣ በብዙዎቹ ትከሻ ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር አገኙ። አንድ አዛውንት ባለ አህያ «እንዲህ ያለ የበረሃ ዘር ነው እንዴ የምጭነው ልጄ?» ብለው ጠየቋት፤ የሰባተኛ ክፍሏ ተማሪያችን ቆማ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ክበቡ የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ነው እላለሁ።

ያስቆጣቸው ፕሮሶፒስ ነው። እምቦጭ ጣናን ሲወር ያየ ልጅ ይህን እሾሃማ ዛፍ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለቱም መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። ፕሮሶፒስ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ተተከለ፤ ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው በተኑት፤ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ወረሰ። ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ልጆቹ ይህንን በሥዕል አዘጋጅተው በወላጆች ቀን አቅርበዋል።

የአህያ ምዝገባው በመጪው ዓመት ይቀጥላል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ መሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ ቅጹን ከባዮሎጂ ቤተ ሙከራ መውሰድ ይችላል።